ቀይዋ የባትሪ መብራት ስትበራ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የዲናሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሲሰራ ኮረንቲ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ፣ ናቸው። ክረምት ስለገባ ይመስለኛል፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱ፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያው ሁሉም አንድ ላይ ሲሰራ በጋውን ሙሉ ተደብቆ የከረመ ደካማ ዲናሞ ይጋለጣል። ስለዚ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ቪትዝ ነው የምነዳው። ማታ ከስራ ስወጣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ካበራሁ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ትላለች፣ በተለይ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትጠፋለች። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ባትሪሽ ሞቷል አሉኝና አዲስ ገዛሁ። ጥቂት ቀን ደህና ሆና መብራቷ ተመለሰች። አሁን ደግሞ መሪው አንዳንዴ ይከብደኛል። የሸጡልኝ ባትሪ ፎርጅድ ይሆን? *(ከሳሪስ)*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሌላ ባትሪ እንዳትገዢ። ምልክቷ ላይ ባትሪ ስለተሳለ ሰው ሁሉ ባትሪው ነው ይላል እንጂ መብራቷ የምትናገረው ስለ ቻርጅ ነው፣ ዲናሞው እየሰጠ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን። ባትሪው ሞቶ ዲናሞው ደህና የሆነ መኪና በኬብል ከተነሳ በኋላ ብዙ ጊዜ መብራቷ ትጠፋለች። ዲናሞው የደከመበት መኪና ላይ ደግሞ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ባትሪ ብትገጥሚም ትበራለች። እነዛ ደህና የነበርሽባቸው ቀናት ባትሪው ከሱቅ ሲወጣ ሞልቶ ስለነበር ነው፣ ዲናሞው ብዙ አልተጠየቀም። ባትሪው ጎደል ሲል ያው ጣጣ ተመለሰ። ስለዚ ባለሱቁን አትጠርጥሪው።

አሰራሯን ካወቅሽ ማንም አያታልልሽም። በቆዩ መኪኖች ላይ አምፖሏ በአንድ ጎኗ ከቁልፉ በኩል የባትሪ ኮረንቲ ይመጣላታል፣ በሌላኛው ጎኗ ከዲናሞው። ሁለቱም ጎን እኩል ሲሆን፣ ገመድ በእኩል ጉልበት እንደሚጓተቱ ሁለት ሰዎች፣ የሚሄድ ነገር የለም፣ ትጠፋለች። ዲናሞው ሲደክም አንዱ ጎን ይሸነፍና ኮረንቲ በሷ በኩል ማለፍ ይጀምራል፣ ትበራለች። አዳዲሶቹ ላይ የሚያበራት ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው) ወይም ኮምፒውተሩ ነው፣ ትርጉሟ ግን አልተቀየረም።

ቆመሽ እያለሽ የምትበራው ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጪ፣ ሞተሩ 700 ወይም 800 ዙር ብቻ ስለሚዞር ነው። ዲናሞው ፑሌው (ቺንጋው የሚያዞራት ጎማ መሳይ ክብ) ትንሽ ስለሆነች ከሞተሩ ሁለት ሶስት እጥፍ ይፈጥናል፣ ያም ሆኖ በዛ ዙር ከሙሉ አቅሙ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ጤነኛ ከሆነ ለመብራትና ለመጥረጊያ ይበቃል። ከደከመ አይበቃም፣ ነዳጅ ስትረግጪ ግን ዙሩ ስለሚጨምር ያገግማል። ያንቺ ምልክት ቃል በቃል ይሄ ነው።

በርካሹ ጀምሪ። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዪው፣ የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ላላ ያለ ከሆነ ይንሸራተታል፣ ጠዋት ሲነሳ ወይም ውሃ ሲነካው ሲጥ የሚል ድምፅ ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ መጠርጠር ያለብሽ እሱን ነው። ቺንጋው ደህና ከሆነ ወደ ዲናሞው ካርቦን እንሂድ። ካርቦን ማለት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ናቸው፣ የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ኮረንቲ የሚሰጡት፣ አዲስ ሲሆኑ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ወጣ ብለው ይታያሉ፣ ዓመታት ሲሄዱ ያልቁና አንዴ ይነካሉ አንዴ ይለቃሉ። ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ብዙ ጊዜ የነሱ ስራ ናት። ካርቦን መቀየር ሙሉ ዲናሞ ከመግዛት ጋር በዋጋ አይወዳደርም፣ ስለዚ ማንም ሳይፈታው "ዲናሞ ግዢ" ካለሽ ፍታውና አሳየኝ በይው። ከዛ ዳዮድ (ኮረንቲውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የዲናሞው ክፍል)፣ ሬጉሌተር፣ እና ሁሌም የሚረሱት ገመዶች፣ ከዲናሞው ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ገመድና ወደ ማሳ (ወደ መኪናው ቦዲ) የሚሄደው። ዝገት ይዟቸው ከሆነ ዲናሞው ያመነጨው መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።

ልኬቱን ራስሽም ትችያለሽ፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለሽ። መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12 ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩን አስነሺና ድጋሚ ለኪ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። አሁን የፊት መብራቱን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውንና ቬንቲሌተሩን አብሪና እዪው። ከ13 በታች ወርዶ እዛው ከቀረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው። ቁጥሩ ይዘሽ ጋራዥ ስትሄጂ ንግግሩ ራሱ ይቀየራል።

መሪውን በተመለከተ፣ የቪትዝ መሪ እርዳታ በኤሌትሪክ ነው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሩ እርዳታውን ይቀንሳል ወይም ያጠፋል። ዲናሞው ሳይታይ የመሪ ሞተር ቀይሪ የሚልሽን አትስሚ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ መብራቷ ድንገት በርታ እዛው ከቀረች የሙቀቷን ቀይ መብራት ተመልከቺ። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መለኪያ ሰዓት የላቸውም፣ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ ሲግል ቀይ ነው የሚያበሩት። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ቺንጋው ከተበጠሰ ሁለቱም ይቆማሉ። ቀይዋ የሙቀት መብራትም ከበራች ዳር ይዘሽ አጥፊ፣ ቤት ልድረስ ብለሽ ሞተሩን እንዳታቃጥዪው።

ጥያቄ፦ እኔ 5ኤል ሞተር ያለው የናፍጣ አባዱላ ነው የምሰራበት፣ ደሴ አዲስ አበባ። ሰሞኑን የባትሪው፣ የእጅ ፍሬኑና የናፍጣ ፊልትሮው መብራቶች ሶስቱም አንድ ላይ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የፍሬን ሸራ አሳየሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። መኪናው ግን ይሄዳል። *(ሹፌር፣ ከደሴ)*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሶስቱ አንድ ላይ ከበሩ ሶስት ችግር የለህም፣ አንድ ነው። በቆዩ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ ቁልፍ ስትከፍት እነዚህ መብራቶች አምፖላቸው መስራቱን እንድታይ በቻርጅ መስመሩ በኩል ተያይዘው ነው የሚበሩት፣ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ደግሞ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ዲናሞው ሲያቅተው ተመልሰው አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ያለቀ ካርቦን ነው። ፊልትሮው አልበደለም። የፍሬን ዘይቱን ግን ጎድሎ እንደሆነ አንዴ እይ፣ ያቺ መብራት ለሱም ስለምትበራ።

"መኪናው ግን ይሄዳል" ያልከው ነው ሹፌሮችን የሚያዘናጋው። የ5ኤል የናፍጣ ፓምፕ ሜካኒካል ነው፣ ሞተሩ እንዲሰራ የሚፈልገው ኮረንቲ ናፍጣውን ከፍታ የምትይዘው ትንሿ ቫልቭ የምትወስደው ብቻ ነው። ቀን ቀን ሳታውቀው ረጅም መንገድ ትሄዳለህ፣ ከዛ ማታ መብራት ስታበራ ወይም ምሳ ልትበላ አጥፍተህ ስትመለስ ያልቅልሃል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የመኪናህን ዲናሞ ከኋላው ተመልከት፣ ቂጡ ላይ የተጣበቀ ክብ ፓምፕ አለ፣ የዘይት ቱቦ የሚገባበት። እሱ ቫኪዩም ፓምፕ ነው፣ ፍሬኑን የሚያቀልልህ። የቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙን ከራሱ አየር መሳቢያ ያገኛል፣ የናፍጣው ስለማያገኝ ነው ፓምፕ የተሰራለት። ካርቦን ሲያልቅ ፓምፑ መዞሩን አያቆምም፣ ስለዚ ዛሬ ፍሬንህ ደህና ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ዲናሞው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከነከሰ ግን ቻርጁም የፍሬን እርዳታውም አብረው ይሄዳሉ። የተጠራቀመው ቫኪዩም ሁለት ሶስቴ ለመርገጥ ይበቃል፣ ከዛ ፔዳሉ ይጠጥራል፣ በሙሉ እግርህ ካልቆምክበት አይዝም። ይሄን ጣርማ በር ላይ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ተሳፋሪ ጭነህ አስበው። እዛ ቁልቁለት ላይ ያቺ መብራት ድንገት ፈክታ ከበራች ፍሬኑን እየረገጥክ እየለቀቅክ አትጨርሰው፣ ማርሽ ቀንስ፣ አንዴ አጥብቀህ ያዝና ዳር ቁም።

ዲናሞው ተሰርቶ ሲገጠም የፓምፑን የዘይት ቱቦ ሲያስሩ አጠገባቸው ሁን። ዘይት የምታፈስ ጎማ ካለች ዘይቱ ወደ ካርቦኑ ይገባና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሰህ ትመጣለህ። ከዛ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስቴ ርገጥ፣ ሲጠጥር እግርህን ሳታነሳ አስነሳ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ ፓምፑ ይሰራል።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና ላይ የባትሪዋ ምልክት ቁልፍ ስከፍትም ጭራሽ አትበራም፣ ይሄ ጥሩ ነው አይደል? *(ከባህር ዳር)*

መልስ፦ አይደለም። ቁልፍ ስትከፍት ሞተሩ ሳይነሳ መብራት አለባት፣ ካልበራች አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይም ፊውዝ ሄዷል፣ አንዳንዴም ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ሆን ብሎ ነቅሏት ይሆናል (አይቻለሁ)። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምረው በዛች አምፖል በኩል በምታልፈው ትንሽ ኮረንቲ ስለሆነ አምፖሏ ስትቃጠል ቻርጁም ሊቀር ይችላል። መኪና ልትገዛ ስትሄድም መጀመሪያ ይህችን እያት፣ ቁልፍ ክፈት፣ ትብራ፣ አስነሳ፣ ትጥፋ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ኤሌትሪሻኑ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ነቀለና "ይኸው አልጠፋም፣ ዲናሞህ ደህና ነው" አለኝ። ልመነው? *(ከአዳማ)*

መልስ፦ ኧረ በፍፁም! መኪናህንም ከእጁ አውጣት። ይሄ ነገር የመጣው ካርቡሬተር ካላቸው መኪኖች ጊዜ ነው፣ ያኔ የሚቃጠል ኮምፒውተር አልነበረም። ባትሪው ማከማቻ ብቻ አይደለም፣ የዲናሞውን የቮልቴጅ መዝለል የሚውጠውም እሱ ነው። እየጫነ እያለ ድንገት ስትነቅለው ዲናሞው በቅፅበት መቀነስ አይችልም፣ ቮልቴጁ ለቅፅበትም ቢሆን ወደ ብዙ አስር ቮልቶች ይዘላል፣ ከዛ ዳዮድ ወይም ሬጉሌተር ወይም የሞተሩ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዲናሞው በብዙ እጥፍ የሚወደድ እቃ ነው። ሚገርመው ሙከራው ራሱ ምንም አይነግርህም፣ አንድ ዳዮድ የሞተበት ዲናሞም ሞተሩን ሳያጠፋ ሊያቆየው ይችላል። ቴስተር የሌለው ኤሌትሪሻን ምን ይሰራል እዛ?

ጥያቄ፦ ማታ ከሃዋሳ ስመለስ የባትሪው መብራት በራ፣ ከዛ መብራቶቹ እየደበዘዙ መጡ፣ ኤቢኤስ፣ ኤርባግ፣ ቼክ ኢንጂን ሁሉም በሩ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ምን ያህል መንገድ መሄድ እችል ነበር? ኤርባጉስ ተበላሽቷል? *(ከገርጂ)*

መልስ፦ ከኤርባጉ ልጀምር፣ ምናልባት ምንም አልሆነም። ቮልቴጁ ሲወርድ በየቦታው ያሉት ትናንሽ ኮምፒውተሮች ግራ ይጋባሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን መብራት ያበራል። ማሽን ላይ ሲታይ ብዙ ኮድ ይወጣል፣ መሀላቸው ፒ0562 ካለ "የሲስተሙ ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው" ማለት ነው። ቻርጁን አሰራ፣ ኮዱን አስጠፋ፣ ከዛ ተመልሶ የሚመጣ ካለ ብቻ እሱን አሳይ። በግልባጩ አሰርተው ብዙ ሺህ ብር ያፈሰሱ ሰዎች አሉ።

ርቀቱን በሂሳብ እንየው። ትንሽ የቤንዚን መኪና ላይ 40 አምፔር ሰዓት አካባቢ ባትሪ ነው ያለው። ኮይሉ፣ ኢንጀክተሩ፣ የቤንዚን ፓምፑና ኮምፒውተሩ ተደምረው 10 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፣ ሁለቱ የፊት መብራቶች 55 ዋት 55 ዋት ስለሆኑ ሌላ 9 አምፔር፣ የራዲያተር ፋኑ ሲነሳ ደግሞ ሌላ። ባትሪው እስከ መጨረሻው ጠብታ አይሰጥህም፣ ቮልቴጁ ወደ 10 ሲጠጋ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚ ሙሉና ጤነኛ ባትሪ ይዘህ ቀን ከሆነ አንድ ሰዓት ምናምን፣ ማታ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ያረጀ ባትሪ ከሆነ እሱንም አትጠብቅ።

መብራቷ መንገድ ላይ ከበራች ራዲዮ፣ ቬንቲሌተር፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኋላ ማሞቂያ አጥፋ፣ መስታወት በኤሌትሪክ አታውርድ። የፊት መብራቱን ግን ማታ እንዳታጠፋ፣ ለባትሪ ተብሎ ሰው አይገጭም። ሞተሩንም እርዳታ የሚገኝበት ቦታ እስክትደርስ አታጥፋው፣ ካጠፋኸው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የቀረችውን ይጨርስና ተመልሶ አይነሳም። ይሄ ሁሉ ግን ሙቀቱ ደህና ከሆነ ነው። የዘይት ጣሳዋ ቀይ ምልክት ከሆነ የበራችው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሷ ላይ መቶ ሜትር እንኳን አትሂድ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ካምሪ ሃይብሪድ ነው ያለኝ። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይለኛል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶች ግማሽ ግማሽ ይበራሉ። አንድ ወዳጄ አልተርኔተር አስቀይር አለኝ።

መልስ፦ ወዳጅዎ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ መኪና ላይ የሚቀየር አልተርኔተር የለም፣ ሞተሪኖም የለም። ትልቁ ባትሪ በአንድ ኮንቨርተር በኩል አድርጎ ነው 12 ቮልቷን ትንሽ ባትሪ የሚሞላት። እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳን መኪናው ሬዲ (ለመሄድ ዝግጁ) አይልም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሮቹን የምታነቃው እሷ ናት። ስለዚ መጀመሪያ እሷን ያስለኩ፣ እዛ ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች ብዙዎቹ በነፃ ይለኩልዎታል። ሬዲ ላይ እያለ 14 ቮልት አካባቢ ካሳየ ኮንቨርተሩ ደህና ነው፣ ባትሪዋ ናት ያረጀችው። ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን ራስዎ እንዳይነኩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቁጥራችሁ በዝቷል፣ ጥያቄውም አብሮ መጥቷል። ቀይዋ የባትሪ ምልክት እናንተም ጋ አለች፣ ብዙ ጊዜም የምታወራው ስለዛችው ስለ ትንሿ ባትሪ ቻርጅ ነው፣ ከቀረላችሁ ኪሎሜትር ጋር አታምታቷት።

ጥያቄ፦ መብራቱ በርቶ አያውቅም፣ ቀን ደህና ውሎ ጠዋት ግን ባትሪው ወርዶ አገኘዋለሁ። *(ከመቐለ)*

መልስ፦ ጠዋት ሳታስነሳው ኮፈኑን ክፈትና ዲናሞውን በእጅህ ንካው። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና ላይ ዲናሞው ከሞተሩ ይልቅ ሞቅ ካለ ዳዮዱ እያፈሰሰ ነው፣ ባትሪው ማታውን በሱ በኩል ሲፈስ አድሯል። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ አላርም፣ ራዲዮ፣ የሻንጣ ክፍል አምፖል። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ መኪናው ተቆልፎ ትንሽ ከቆየ በኋላ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ኮረንቲ የሚሄድ ከሆነ ፊውዙን አንድ በአንድ እያስነቀልክ ፈልግ። ባትሪ በግልባጭ የገጠመልህ ሰው ነበር እንዴ? ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ለቅፅበት ከተቀያየረ ዳዮድ ነው መጀመሪያ የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ዲናሞ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ? *(ከአየር ጤና)*

መልስ፦ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ሞዴል ብቻ እየጠራህ አትግዛ። አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸውና ፑሌው ስንት መስመር እንዳለው ቁጠር፣ የሶኬቱን እግሮች አወዳድር፣ የብሎን ጆሮዎቹ ቦታ እኩል መሆኑን እይ፣ ጀርባው ላይ የተፃፈውን አምፔር አንብብ፣ ከአሮጌው ያነሰ አትውሰድ። በእጅህ አዙረው፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው ኩሽኔታው አልቋል፣ ፑሌውን ወዲያ ወዲህ ስትነቀንቀው የሚጫወት ከሆነም እንደዛው። ሻጩ "ከጃፓን የወጣ ነው" ማለቱ አይቀርም፣ ይበል። አንተ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት በመሞከሪያ ላይ አስዙረው፣ ከሌላቸው ተገጥሞ ካልሰራ እንደሚመልሱልህ ደረሰኝ ላይ አስፅፍ። ሲገጠም የባትሪው ነጌቲቭ መጀመሪያ ይፈታ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ ሁሌም ኮረንቲ አለበት፣ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ነክቶ ከቦዲው ጋር ካገናኘው ብልጭታው ቀላል አይደለም። ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞ ላይ፣ ከዛ መብራት በርቶ፣ ከዛ ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ሶስቴ አስለካ። ከ15 ቮልት በላይ ከወጣ መልሰው፣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ መብራቷ ሳትበራ አምፖሎችህን እየጨረሰ ባትሪህን ያፈላዋል።